ሳይገነፍል

ጉም ነው ከመስኮቴ፣ ጉም ነው ከደጃፉ፣
የፖ ወንዝ ሲተነፍስ ጠፋ የሜዳው ጽንፉ፤
ከክሬሞና ወጣ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
አንዲት የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ሻይ።

ለእኔ አይደለም ዛሬ።
ለጉርዲያል ነው፤ ሆስፒታል ለተኛው፣
ጉልበቱ በብረት፣ በፋሻ ለታሰረው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ላም ሲያልብ ለኖረ፣
ማክሰኞ ሌሊት ላይ በአንዲት ላም እርግጫ አጥንቱ ለተሰበረ።

ልኩን በወረቀት ጽፎልኝ አያውቅም።
"ዝንጅብሉ ስንት ነው?" ብዬ ብጠይቅም
ትንሿን ጣቱን ነው ቀና የሚያደርገው፤
"ሄሉስ?" ስለው ደግሞ፣ "የላም ጡት ስንት ነው?"
"አራት።"
"በቃ፣ አራት።"
"ቅርንፉዱስ?"
"ጥርስህን ባመመህ ቀን የምትነክሳትን ያህል፤ አንዲት።"
"ስኳሩስ?" ስል ብቻ አንገቱን ይደፋል፤
"እስክታፍር ጨምር፤ ሰው ሲያፍር ይበቃል።"

የሁለታችንም ጣሊያንኛ ያነክሳል፤
ግሱ ሲጠፋበት በእጁ ይጨርሳል።
እሱ "ቻ" ይላል፣ እኔ "ሻይ" እላለሁ፤
በ"ቸ" እና በ"ሸ" መሃል ያለውን ድንበር
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በበረቱ በር፣
በአንድ ክዳን እየጠጣሁ ተሻግሬዋለሁ።

ሙቀጫ የለኝም።
ዝንጅብሉን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በወይን ጠርሙስ ቂጥ
ገና ወፍ ሳይንጫጫ ጠረጴዛው ላይ ስወቅጥ፣
ሲኞራ ኦርኔላ ከእንቅልፏ ነቅታ
በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያዋን መታ መታ።
"ይቅርታ" አልኩ ለወለሉ፤ ቀጠልኩ ቀስ ብዬ፣
ሄሉን ከነልጣጩ፣ ቀረፋውን በእጄ ሰባብሬ ጥዬ።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ"
ይባላል አገሬ፤
የተገላቢጦሽ ነው የእኔ አኗኗሬ፦
ሦስት መቶ ላም አልባለሁ፣ በሌሊት፣ በምድር ላይ፤
ወተቱ ጎርፍ ነው፤ እስኪታክተኝ ባይ
አንዲት ጭራ እንኳ የኔ አይደለችም።
ዛሬ ግን አለቃው አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፤
ከማን እንደታለበ ለጊዜው ይቆየኝ።

ውሃው በሻይ ቅጠል ጠቆረ፤ ወተቱን አፈሰስኩ፣
ዓይኔን ከድስቱ አፍ ሳልነቅል ጠበቅኩ።
እንዲህ ነበር ያለኝ፦ "ሦስት ጊዜ ይቆጣል፤
ሦስቴ ከእሳት አንሣው፣ በራሱ ይቀመጣል።
በማንኪያ አትምታው፤
የተቆጣ ነገር ሲመቱት ይብሳል።"

አንዴ ተነሣ፣ ነጭ አረፋ፣ እስከ ከንፈሩ፤
ድስቱን አነሣሁት፣ ወረደ ነገሩ።
ሁለቴ ተነሣ፤ ሁለቴ አበረድኩት።
ስልኬ ጮኸ። "ተረኛ ጠፍቷል፣ ትመጣለህ?" አለ አለቃው፤
እምቢ ለማለት ዞር ስል
ሦስተኛው አመለጠኝ፤ እሳቱን ራሱ አጠፋው።
ምድጃው ጨሰ። የተቃጠለ ወተት ሸተተ ቤቱ።
የተረፈውን ለካሁ፤ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ከነምሬቱ።

በፔርሙዝ ሞልቼ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣
ጉም ውስጥ አውቶብስ ጠበቅኩ፣ እንደ ሕፃን አዝዬ።

ጉርዲያል ከአልጋው ቀና አለ፣ ጥምጥሙን አስተካከለ፤
በክዳኑ ቀመሰ። ዝም አለ። ደግሞ ቀመሰና
"ገና አላፈርክም" አለ።

"ወተቱ ግን ጥሩ ነው። ከየትኛዋ ነው?"
ሌላ ሌላውን አየሁ፤ መስኮቱን፣ ጉሙን፣ የተሰቀለውን እግሩን።
"ከአራት መቶ አሥራ ሰባት" አልኩ።
ስም የላትም፤ ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር ነው ያላት፣
ማክሰኞ ሌሊት የረገጠችው እሷው ናት።

ፋሻውን አየ። ሻዩን አየ።
ነርሷ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቀ፣
ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እያማጠ በገዛ ቋንቋ።
ከዚያ ባዶውን ክዳን
ወደ እኔ ዘረጋ።