ሦስት ደቂቃ

ክቡራን ሆይ፣ ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ደቂቃ ነው የኔ፣
አረንጓዴው ሲበራ ላውራ፣ ቀዩ ሲበራ ዝም ልል እኔ።
እሺ። ስሜ ስንዱ ነው። ከአውሮራ ነው የመጣሁት፣
ባቡሩ ዴንቨር ዘግይቶ፣ ደረጃችሁን በሩጫ ነው የወጣሁት።

ወንድም አለኝ፣ አንተነህ። የጭነት መኪና ሾፌር፣
ከዋዮሚንግ በረዶ እስከ ቴክሳስ አቧራ የሚበር፣
ሳቁ ከመኪናው ጥሩንባ የሚበልጥ፣
ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ብርቱካን የሚልጥ።

በዚያ የበረዶ ወር ግን ሳቁ ከቤት ወጣ፣
ፍቺ መጣ፣ ዕዳ መጣ፣ እንቅልፍ ብቻ አልመጣ።
ውሻውን ለጎረቤት፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠ።
«አደራ» ብቻ አለኝ፤ የምን አደራ? አላለም፣
ትራሱን ሳነሳ አየሁት፤ እሱም እንደ ጌታው አይተኛም።

ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ቆምኩ፣ የናቴን ልጅ ልከስ፣
ብዕሩ ከጣቴ እየሸሸ፣ ቀለሙ ከዕንባ ሲለወስ።
«አንተነህ» ብዬ ስሙን ስጽፍ ወረቀቱ አፍ አወጣ፣
«አንቺ ነሽ» አለኝ፤ «አንቺ ነሽ፣ ወንድምሽን የምታስቀጣ።»

ዳኛዋ አልቀጣችውም። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።
አላሰረችው፤ ስሙን ከወንጀለኛ መዝገብ አልጻፈች፣
ብረቱን ብቻ «ለጊዜው ይቀመጥ» ብላ ፈረመች።
ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንደኛው ጫማውን ከበረዶ አላቀቀ፣
እንደ ልብስ አጣቢ ደረሰኝ ሰጡት፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

አላለቀም። ስምንት ወር ወንድሜ ፊቱን ነሳኝ፣
በፋሲካ ደወልኩለት፤ ትንፋሼን ሰምቶ ዘጋኝ።
ይዝጋ! ስልክ የሚዘጋ ጣት፣ ደም ያለበት ጣት ነው፣
ኩርፊያ ሽማግሌ ያገኛል፤ አፈር ግን ሽማግሌ የለው።

አሁን ሕጉ ይሻር የሚል ሐሳብ ቀርቧል ብለው ነገሩኝ፣
ደጋፊዎቹ ከኋላዬ ናቸው፤ አየኋቸው፣ አዩኝ።
አልጠላቸውም። አባቴም ከአልጋው ራስጌ ጠመንጃ ነበረው፣
ሲከፋው ግን እናቴ ጥይቱን ዱቄት ውስጥ ነው የምትቀብረው።
ማንም አዋጅ አላለውም፤ ሠፈሩ ግን ያውቅ ነበር፣
ስንቱን ሌሊት እንዳሻገረን ያ የዱቄት ምሥጢር።

እናንተ ዛሬ ያንን ዱቄት በእጃችሁ ልትደፉት ነው።
ሳይቃጠል በቅጠል ያለን ሰው፣ አመድ አምጣ ልትሉት ነው።
ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ እዚህ አገርም አየሁት፣
ሻማና አበባ ይዞ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጅ ሰማሁት።

ቢጫው በራ። ላሳጥር።
አንተነህ እዚህ ነው፤ ከበሩ ውጭ፣ አግዳሚው ላይ።
«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ጭነት ይዤ ሳልፍ ነው» አለ፣
ገና አልታረቅንም። ግን ልጣጩን እየጠቀለለ፣
የብርቱካኑን ግማሽ ለኔ ለይቶ አስቀምጧል።

ቀዩ በራ። አየሁት። እሺ፣ ዝም እላለሁ፣
ቀይ ሲበራ ማቆም ደንባችሁ ነው፤ ይህን ደንብ እወዳለሁ።