የሐሙስ ስርጭት

መጽሐፉ ደረሰኝ ዛሬ ከዋና ከተማ፣
ሽፋኑ ላይ አንቴና፣ ከኋላው ጨለማ።
«ደሴቱና መስኮቱ» ብላ ሰይማዋለች፣
ፕሮፌሰር ስታይንቮር ሁሉን ጽፋዋለች፤
ቴሌቪዥን አይስላንድ መቼ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ከፈለ፣
ስንቱ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ሰብስቦ ለዜና እንደ ዋለ፣
በሰንጠረዥ አለ።

እኔም አለሁበት፣ በግርጌ ማስታወሻ፣
ቁጥር ሠላሳ ስምንት፣ ከገጹ መጨረሻ፤
«የማሰራጫ ማማ የሚጠግን አንድ ሰው» ይለኛል፣
ስሜን ባይጽፈውም፣ ጣቴ ላይ የቀረው ብርድ ያስታውሰኛል።

ምዕራፍ አራት፦ ሐሙስ።
በዚያን ዘመን እዚህ፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር
ጣቢያው ይዘጋና ስርጭት አይኖርም ነበር።
የዓይን ጾም።
«ሠራተኛው ይረፍ፣ ሕዝቡም ይጠያየቅ፣
ጎረቤት ከጎረቤት ተቀምጦ ይሳቅ።»
«ሐሙስ የሰው ነበር» ብላ ደመደመች፣
ምስክር ጠራች፣ ቁጥር ደረደረች።
እውነቷን ነው። ለከተማ እውነቷን ነው።

የኛ ቤት ግን ነበር ከመንገድ ማለቂያ፣
ከፊዮርዱ ጥግ፣ የነፋስ ማደሪያ፤
ጥቅምት የወደቀ በረዶ ሚያዝያ ነው የሚሄደው፣
ማን ሊጠይቀን ነው? ማን እግሩን ሊያበርደው?
አባቴ ባሕር ላይ ከቀረ በኋላ፣
እናቴ ሃልቤራ ሰው አልነበራትም ከዜና አንባቢዋ ሌላ።
ያቺ ሴት ሌሊቱን ከመስታወቱ ሆና
«ደህና እደሩ» ስትል፣ እናቴ ብላ ቀና፣
የምትሠራውን ሹራብ ከጎኗ አኑራ፣
«አንቺም ደህና እደሪ» ትላለች፣ ስሟንም ጨምራ።

ይህን ለስታይንቮር አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝማ።
የጠየቀችኝ ስለ ሞገድ ነው፣ ስለ ማማ።

ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ልማድ ሆኖባት
ጸጉሯን አበጥራ ትቀመጣለች ፊት ለፊት።
ጥቁር መስታወት ነው፤ የሚታየው ፊቷ፣
ከኋላዋ ደግሞ አምፖሉና ቤቷ።

አንድ ሐሙስ፣ ዕድሜዬ ገና አሥራ አንድ ሆኖ፣
ከሣጥኑ ጀርባ ገባሁ፣ ጸጉሬ በአቧራ ተሸፍኖ፣
ድምፄን አቅጥኜ፦ «እንደምን አመሻችሁ።
በመጀመሪያ አርእስቱን ላንብብላችሁ።
ሰባተኛዋ በግ ከገደል ተገኘች፣
ቀንዷ ተሰበረ እንጂ ነፍሷን አተረፈች።
የቶርግሪም የቤት ሥራ አልተጠናቀቀም፣
ጉዳዩን በተመለከተ መንግሥት መግለጫ አልሰጠም።
የአየር ጠባይ፦ ነፋስ ከሰሜን፤ በኩሽና በኩል ግን ሞቃት።
ወይዘሮ ሃልቤራ ዛሬም አላለቀሱም…» አልኩና ጠፉኝ ቃላት።

ዝም።
ከነፋሱ በቀር የሚያሰራጭ የለም።
ቆይታ ቆይታ፣ ወንበሯን ስባ ወደኔ፣
«ድምፅ ጨምሪ እስቲ፣ አንባቢዋ! አልሰማም እኔ።»

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ስርጭት ነበረን፤
አንድ ጣቢያ፣ አንድ ተመልካች፣ ማስታወቂያ የማያቋርጠን።
አንዳንዴ በጓ ብቻዋን ዜና ሆና ታልፋለች፤
አንዳንዴ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣
አነብባለሁ፦ «ፍለጋው ቀጥሏል።»

ኋላ ሐሙስም ተከፈተ፤ ምዕራፍ አምስት፣ በቀለም።
እናቴ አየችና «ጥሩ ነው» አለች፣ «የኛ በግ ግን የለበትም።»

በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «እርማት፤
ሐሙስ ስርጭት ነበረ፣ በፊዮርዱ ጫፍ ባለ ቤት።»
ከዚያ በላጲስ አጠፋሁት፤ ማን ማስረጃ ይጠይቀኝ?
መጽሐፉን በክንዴ ይዤ ወደ ሆስፒታል ወጣሁኝ።

አንድ ሐሙስ ቀርቷታል።
ግድግዳው ላይ ስክሪን ይንቦገቦጋል፣ ማንም ሳያጠፋላት፣
መቶ ጣቢያ ይጮኻል፣ አንድም ሳያናግራት።
ሪሞቱን ፈልጌ አጠፋሁት፣ ጠቆረ፤
ውስጡ ሁለት ሰውና አንድ አልጋ ነበረ።

በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ ነርሷን በዓይኔ ለምኜ፣
«እንደምን አመሹ» አልኩ፣ ድምፄን አቅጥኜ፤
«ሰባተኛዋ በግ…»

ቀኑ ማክሰኞ ነው።
ዓይኗን ሳትገልጥ «ድምፅ ጨምሪ» አለች።