ቁጥርና ቋጠሮ

ውላችን ፈርሷል፣ ማንደፍሮ፤ ማኅተም አርፎበታል፣
ፍራሹ ላንተ፣ ሲንጀሩ ለኔ፣ ሁሉም ተለይቷል።
ሽማግሌም ገብቶ፣ ፍርድ ቤትም አይቶ፣
ቁምሳጥኑ ሳይቀር ዋጋው ተሰልቶ፣
አንድ ነገር ብቻ ተረስቶ ቀረ፤
ሲም ካርዱ፣ ቁጥሬ፣
ባንተ ስም ነበረ።

የገዛን ለት፣ ያኔ፣ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት፣
“በኔ ስም ይውጣ” አልህ፤ “ባንቺና በኔ ምን ልዩነት!”
ልክ ነበርህ፣ ያን ለት።

አስራ አንድ ዓመት።
ቁጥሩን ግን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤
በየዩኒፎርሙ ኮሌታ፣ ከአንገት በታች፣
በቀይ ክር፣ አስር አሃዝ በመደዳ፣
ከላዩ “ልብስ ስፌት፣ አራዳ”።
ማራኪ ብትወጣ፣ አዘዞ ብትወርድ፣
ስንቱ ልጅ ቁጥሬን አዝሎ ይሄዳል በመንገድ።

ኔትወርኩ ነው ያስመረረኝ።
የሱቄ ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ጣሊያን የሠራው፤
“ሃሎ” ስል ይቆረጣል፣ ደንበኛው ተማሮ ዘጋው።
ከደፉ ወጥቼ፣ ሜትር ካንገቴ አንጠልጥዬ፣
በነሐሴ ዶፍ ስንቷን እናት አናገርሁ፣
“ወገቡ ስንት ነው?” ብዬ።

ከሳሙና በር በላይ አዲስ ማማ ተተከለ፤
የሌላው ድርጅት ነው፣ “ድምፁ ጥርት ይላል” ተባለ።
ልሂድ አልሁ። ቁጥሬሳ?
“ቁጥር ይዞ መሄድ አሁን አለ።”

ጳጉሜ ሁለት፣ ፒያሳ፣ ወረፋ ቆምሁ።
ደረቷ ላይ “ልዕልና” የሚል የለጠፈች ልጅ፣
“እማማ” አለችኝ (በአርባ አንድ ዓመቴ!)
“ቁጥሩ በርስዎ ስም አይደለም፤ ባለቤቱ ይምጡ።”
“ባለቤት የለኝም፣ ልጄ።”
“የቁጥሩን ባለቤት ነው ያልኩት።”
ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ደወልሁልህ። መጣህ። ያን ግራጫ ኮት ለብሰህ፤
ሁለተኛው ቁልፍ ክሩ ላልቷል፣
አየሁት፣ ዝም አልሁ።
ቅጹ ላይ ያሁኑን ቁጥርህን ሞላህ፣ ፈረምህ፤
ከታች ሌላ ጥያቄ፦
“ውሉን የሚያቋርጡበት ምክንያት?”
ቀና ብለህ አየኸኝ።
“ኔትወርክ” አልሁህ።
“ኔትወርክ” ብለህ ጻፍህ።
ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣
ለፍርድ ቤቱም ይሄንኑ ብንል ይበቃ ነበር።

“አሥራ አምስት ብር የአየር ሰዓት ብድር አለ፤
ሳይከፈል አይዘዋወርም።”
የሁለታችንም እጅ እኩል ኪስ ገባ።
ማን እንደተበደረው አልጠየቅኸኝም፤ እኔም።
አስሩን እኔ፣ አምስቱን አንተ፤
ዝርዝር አልነበረህም ከዚያ በላይ።

እኔ የክር ሰው ነኝ፣ ማንደፍሮ፤
ልቃቂት ቢወሳሰብ ውሉን ላገኘ ሰው፣
ቀስ እያለ ሲስበው፣ ይመለሳል ሌላው።
ቁጥር ግን የቋጠሮ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤
በጥፍር አይላላም፣ በጥርስ አይፈታም።

ለጥቂት ሰዓት ስልኬ ጨለመ።
ከዚያኛው ወጥቻለሁ፣ እዚህኛው አልገባሁም፤
በከተማው ልጆች አንገት ሥር አለሁ፣
ቢደውሉልኝ ግን የለሁም።
እንደዚያ ሆኜ ሦስት ሱሪ ሰፋሁ።

አመሻሽ ላይ በራ። ምልክቱ እስከ አናቱ ሞልቶ፣
እዚያው ከማሽኔ ፊት፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ጠራ።
አነሳሁት። የማላውቀው ድምፅ፣
ጥርት ብሎ፣
“ማንደፍሮ አለ?”

“ቁጥሩ ያው ነው” አልሁት፤ “ሰውዬው ነው የተዛወረው።”
“ታዲያ አዲሱን ትሰጪኛለሽ?”
ስልኬ ላይ ስምህን እንጂ አሃዙን ልብ ብዬው አላውቅም፤
አፌን ስከፍት ግን አስሩም ተሰልፎ ወጣ፣
አንድም ሳይዛነፍ።
ከቅጹ ላይ መቼ እንዳነበብሁት እንጃ።

“እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ዘጋ።
መርፌው ላይ የቀረውን ክር በጥርሴ በጠስሁና
የሚቀጥለውን ኮሌታ ሳብሁ።