መብራቱን አጥፊው

ከሐረጎ ቁልቁል በጭጋግ ሲወርድ፣
ሳላየው ሰማሁት፣ ወባ ይዞት ሲርድ።
ባዶውን ነው የመጣ፣ ሰው የለም ከውስጡ፣
ተሳፋሪው ወርዷል ሲብስ መንቀጥቀጡ።

እንድሪስ ሙሄ ወረደ፣ በሩን ወርውሮ ዘጋ፤
«ሦስት ጋራዥ ዞርኩበት፣ ከዋጋ በላይ ዋጋ።
አንዱ ፓምፑ ነው አለኝ፤ ፓምፕ ገዝቼ ቀየርኩ።
አንዱ ካንዴላው አለኝ፤ አራቱንም ቀየርኩ።
ሸዋ በር ያለው ደግሞ፣ ጺሙን እያሻሸ፣
‹ቤንዚኑ ውኃ አለው› እያለ አመሸ።»

ጋሽ ይመር ተነሡ ከተቀመጡበት፣
ከአሮጌው ጎማ ላይ፣ ሻይ ከሚጠጡበት።
አልጠየቁትም ምንም። ኮፈኑን ከፍተው
መዳፋቸውን ጣሉ ሞተሩ ላይ፣ ዝም ብለው፣
በቅሎ እንደሚገዛ ሰው፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣
አንገቷን እየዳበሰ ጥርሷን ገና ሳያይ።

«ሉባባ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀይ።»

የመጀመሪያውን ነቀልኩ፤ ሞተሩ ዘመመ፣
ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው በጣር አዘገመ።
መለስኩት። ሁለተኛው፤ እንደዚያው አነከሰ።
ሦስተኛውን ብነቅል ሊጠፋ ደረሰ።
አራተኛውን ነቀልኩ።
ምንም።
ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ሳል፤
የሌለ ሰው ቢሄድ ቤቱ ምን ይጎድላል?

«ይኸ ነው!» አልኩ ጮኬ። ጋሽ ይመር አልዞሩም።
«ይኸ ነው!» አልኩ ደግሜ። አሁንም አልሰሙም።
ጣታቸው ግን እዚያው ነው፣ አራተኛው አናት ላይ፣
ከእኔ ቀድሞ ደርሶ።

ሰባት ዓመት ሙሉ
«ዝም በሉ፣ ልስማው» እያሉ፣
እኛ ትንፋሽ ስንውጥ፣ ቁልፍ እንኳ ሳይወድቅ፣
ጆሮ አልነበረም ለካ፣ መዳፍ ነው የሚያውቅ።
የጨርቃ ጨርቁ ማሽን፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ጆሯቸውን ቆርሶ ቆርሶ በልቶታል፣ በቃ።
ለማንም አልነገሩ።

«መብራቱን አጥፊው» አሉኝ።
አጠፋሁ። እንድሪስ አጉረመረመ፣
«ወላሂ፣ በጨለማ!» ብሎ ከበሩ ላይ ቆመ።
ከቦርከና በኩል እንቁራሪት ይጮኻል።
ሞተሩ ይሳላል።
ከዚያ አየናት፤ ከገመዱ ጎን፣ ጉንዳን የምታህል፣
ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከስንጥቁ ወደ ብረቱ ስትዘል፣
ስትመለስ፣ ስትዘል።
ደሞዙን ተቀብሎ ቤቱ ሳይገባ
መንገድ ላይ እንደሚጨርስ አባ
እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

አምፖሉን አበራሁ። እንድሪስ ሊስቅም ሊያለቅስም ነበር፤
«ፓምፑንስ?» አለ። አፉን አይተው፣
«ፓምፑን ለልጅህ ታወርሰዋለህ» አሉት ጋሽ ይመር።

ከተፈታ ኮሮላ ገመድ መዝዤ ከተትኩ።
ሚኒሞው ረጋ። የሻይ ብርጭቆ ሞተሩ ላይ አቆምኩ፤
ውኃው እንኳ አልተንቀሳቀሰ።

ሽቅብ ሲወጣ ከበሩ ቆመን አየነው፣
መብራቱ በጭጋጉ ውስጥ እየሳሳ።
ጋሽ ይመር እጃቸውን በቱታቸው ጠርገው
ጠየቁኝ፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያ ጊዜ፤
«እንዴት ይላል?»

ፊቴን ወደ ፊታቸው አዞርኩ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት፤
«ሁለተኛ ማርሽ» አልኩ በቀስታ። «አሁን ሦስተኛ።
ኩርባው ላይ ደርሷል። መልሶ ሁለተኛ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤
«ቸኩሎ ነው የቀየረ» አሉ። «ልጅ ነው።»