ፋቂና ልጆቹ

ሳርጀንት ጎዳና ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
በሩ ሲከፈት ነው የሚቀድም ጠረን፤
ሰም አለው፣ ሙጫ አለው፣ የከረመ ቆዳ፣
ለዊኒፔግ ጥር ወር የማይረታ እንግዳ።

አባቴ ይመኑ ቆዳ አይቆርጥም ቶሎ።
አንድ ቀን ሙሉ ያየዋል ገበታው ላይ ጥሎ፤
በአውራ ጣቱ ይሄዳል ከሆዱ እስከ ጀርባ፣
የሽቦ አጥር የጫረው፣ መዥገር የነከሰው፣
የትኛው ጎን ለክዳን፣ የቱ ለኪስ ገባ፣
አውቆ ነው ቢላዋውን ከአፎቱ የሚመዘው።

እናቴ ጥሩወርቅ ክሩን ሰም ታጠጣለች፣
ሐኪሙ ቢከለክላትም በጥርሷ ትበጥሳለች።
አጥናፉ ወንድሜ ጠርዙን በአጥንት ያሻል።
እኔ ስልክ አነሣለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ፣
ሥራ ሲበዛም መኪናው ላይ እቀመጣለሁ።

ቦርሳው ሲያልቅ፣ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት፣
አባቴ ብረት ያግላል። ሁለት ቃል ናት፣ ጥቂት፦
«ፋቂና ልጆቹ»።
በእኛው ፊደል፣ ከውስጥ፣ ከቁልፉ ሥር።
ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር
ጣታቸውን ያሳልፉባታል። «ምንድን ነው ትርጉሙ?»
«የቤተሰብ ስም» እላለሁ።
«ደስ ይላል» ይላሉ፣ እስኪወጡ እየደገሙ።

መጀመሪያ ሰሞን ተጣልቼው ነበር፦
«አባዬ፣ ከስንት ስም መካከል ስድብ ይመረጣል?»
መርፌውን ሳያቆም መለሰ፦
«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ
ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል።
እኔ ግን ይኸው አለሁ፣
ማን እንደሆንኩ ተናግሬ
ቁርበቱን ራሴ አነጥፋለሁ።»

የአያቴን ነገር የሚያነሣው ሲያሻው ነው ብቻ፦
ለደብሩ ማኅደር ሰፍቶ፣ ለባላገሩ ስልቻ፣
ዋጋው የሚሰጠው በአጥር ላይ ተወርውሮ፣
ውኃ የጠጣበት ቅል ከኋላው ተሰባብሮ።
«ዳዊታቸው ግን» ይላል አባቴ፣ ክሩን እየሳበ፣
«በሱ እጅ ሥራ ውስጥ ነበር የሚያድረው።»
ከዚያ ዝም። ደግሞ ሌላ ዓመት።

መስከረም ላይ አቶ ፈለቀ መጡ።
ልጃቸው ሕግ ጨርሷል፤ የሰነድ ቦርሳ ይሻሉ፣
ቡናማ፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ የናስ ቁልፍ ያለው።
ናሙናውን ከፈቱ። አነበቡ።
ከደጃችን ከገቡት ሁሉ ማንበብ የቻሉ የመጀመሪያው።
ጣታቸው ከቆዳው ላይ ተነሣች፣
ብረቱ ገና አሁን ያረፈባት ይመስል።

«ያቺን... ያቺን ቃል ባታትሙባት» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።
«ዋጋው ያው ነው» አለ አባቴ።
ከጎማ ቤቱ ብሎን ሲፈታ ይሰማል፣
ሌላ የሚሰማ አልነበረም።
አባቴ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።
ወይም በልቷል፣ እኔ ነኝ ያልበላሁት፤ አላስታውስም።

ትናንት፣ በረዶ ከትከሻው እያራገፈ፣ ልጁ ገባ።
ኖላዊ ይባላል። እዚሁ ተወልዶ ፊደል አይለይም።
ቦርሳውን ገበታው ላይ ዘርግቶ፣ በእንግሊዝኛ፦
«የሥራ ባልደረባዬ ከእናንተው ነው የገዛችው።
በሷ ውስጥ ጽሑፍ አለ፣ በኔ ውስጥ የለም።
ረስታችሁት ነው?»

አጥናፉ አጥንቱን አስቀመጠ።
እናቴ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቀረች።
«የቤተሰብ ስም» ልል አፌን ከፈትኩ፣
በስንት ዓመት አፌ ላይ የለሰለሰች መልስ፤
አባቴ ግን ብረቱን ከመስቀያው አውርዶ፣
እሳቱን ሳይለኩስ፣ ለልጁ ወንበር ሳበለት።

«መጀመሪያ ንገሪው» አለኝ። «ከቅሉ ጀምሪ።
ሰምቶ ካበቃ በኋላም ከፈለገ፣
ብረቱ ለመጋል ጊዜ አይፈጅም።»

ልጁ ጓንቱን አወለቀ፣ ተቀመጠ፤
ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ እንደ ተከፈተ ያዘው።
ከቅሉ ጀመርኩ።