ጫኝና አውራጅ

አንሻ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
«ሎድ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ አንድ ማታ።
«አንድ ቃል ነው አባ፣ ስምንት ፍቺ አለው አሉን፤
አራቱን ጻፍኩና አጣሁት ሌላውን።»

እኔ ሙሄ ይመር፣ ጫኝና አውራጅ ነኝ፣
ከኮምቦልቻ እህል በረንዳ ሃያ ዓመት የሞላኝ፤
ይህን ቃል በጀርባ እንጂ በምላስ አላውቀው፣
ስሙን ሳይነግረኝ ነው ትከሻዬን የላጠው።

ቢሆንም ቆጠርኩላት፦
ባቲ ሰኞ ገበያ ግመሉ ላይ ያለው፣
ሐረጎን ሲወጣ ተሳቢው የሚያቃስተው፣
ጫን ያለ ዝናቡ ቦርከናን ሲያስጮኸው፤
አባ ሸህ እጃቸውን ጭነው ሲመርቁ፣
ሌሊት የሚጫኑ ዱካኮች ሲያንቁ።
ስልኩም «ለአማርኛ ሁለትን ይጫኑ» ይላል፤
ሁለትን ስጫናት ሒሳቤ ያልቃል።

ሳቀች።
«የኛ ‹ጫነ› ሌላ፣ የነሱ ሌላ ነው» አለች፤
«እነሱ ጠመንጃም ‹ይጭናሉ›» ብላ አነበበች።

ዝም አልኩ።
እኛ ጠመንጃን «አጎረስነው» ነው የምንል፣
እንደ ሙሽራ፣ እንደ ክቡር እንግዳ፣
በገዛ እጃችን ጠቅልለን።
ያን ኅዳር ሲጎርስ ያደረውን በረንዳው ያውቃል።
ኩንታሉ ሲከብደኝ ከኋላ ደገፍ አድርጎ
«አብሽር ሙሄ» ይለኝ የነበረው፣
የአረቡ ገመድ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ነው፤
ማንም አያወርደው።

መብራቱ ድርግም አለ።
ከውጭ ጎረቤት ሲጮኽ ሰማን፦
«ትራንስፎርመሩ ነው! ጭነት በዝቶበት ነው!»
«አባ፣ አምስተኛው!» አለች በጨለማው፣
እስክሪብቶዋን በዳበሳ እየፈለገች።

በስልኬ ባትሪ ጻፈች። እኔም በተራዬ፣
«መጫኛው ይሄ ከሆነ፣ የማውረጃውስ ቃል?»
«እሱማ ቀላል ነው፤
ከፊቱ ‹አን› ካልክበት ይወርዳል።»

አን ብቻ?
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ መቶ ኪሎ ጫንቃዬ ላይ፣
ሁለት ፊደል ከፊቴ የሚያቆምልኝ ሰው ሳላይ!

ሌሊት ወገቤ ተነሳብኝ።
በጎኔ ዞርኩና፣ ሰው እንዳይሰማኝ በሹክሹክታ
ምን ይቀራል ብዬ ሞከርኳት፣
«አን…»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ በእንቅልፍ ልቧ፣
«አቤት አባ» አለች፣
ስሟን የጀመርኩ መስሏት።