የሰርዶ ውል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰርዶን ስነቅለው፣
ካፈር ሳበጥረው፣ ፀሐይ ላይ ስጥለው፣
ክምሩን ስለኩስ ጢሱ እያስለቀሰኝ፣
ከጤፌ መካከል ደግሞ ብቅ ብሎ «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ፤
የጥፍር ቁራጭ ታህል አንዲት አንጓ ብትቀር፣
ሳምንት ሳይሞላት እናት፣ ወር ሳይሞላት መንደር።
እንየው ነኝ እኔ፤ በጨሞጋ ማዶ ሁሉ የሚያውቀኝ፣
የሰርዶ ደመኛ። ሌላ ጠላት የለኝ።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ሰማዩ ጠቋቁሮ፣
ይጋርዱ መጣች ከጎረቤት ጓሮ፣
ባዶ ስልቻ ይዛ።
«አያ እንየው፣ የነቀልኸው ይኖራል?» አለችኝ፣
«ሥሩ ካልደረቀ አታቃጥልብኝ።»
«ምን ልታደርጊው ነው?»
«ልተክለው።»
ሳቅ አፈነኝ።
«ሰርዶ ተከለች ሲባል፣ ሰው ምን ይላል?»
«ሰው ጓሮዬን አይዝልኝ፤ ያሻውን ይላል።»

ጓሮዋን አውቀዋለሁ፤ ጓሮ አይሉት ጓሮ፣
ፍየል የሚያሳስብ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ
ተንጋሎ የቆመ።
አምና በነሐሴ፣ ሌሊት ጎርፉ መጥቶ፣
ባሏ የተከለው ጌሾ ከነሥሩ ሄደ ተንሸራቶ፣
ቆሞ እንደ ነበረ፣ ቅጠሉን አንጠልጥሎ፣
ልክ እንደ መንገደኛ ቸር ሰንብቱ ብሎ።
ማን ነው ከዚያ ወዲያ? ቤቷ ነዋ ቀጥሎ።
ካቻምና በዘመቻ የሠራነው እርከን፣
ቀበሌው ሰብስቦን ድንጋይ የካብን፣
(ፎቶም ተነሥተናል፣ አካፋ ተሸክመን)
ውኃ በአንድ ሌሊት እንደ ጥርስ ለቀመው፣
ጠዋት ከወንዙ ዳር በትኖት አገኘነው።

መጫኛ አመጣሁ። ከወይራው ግንድ አስሬ
ጫፉን ወገቧ ላይ ሁለት ዙር አዙሬ፣
መኻሉን ጨበጥሁት። ወረደች በጉልበቷ፣
ስልቻው ካንገቷ፣ ችካሉ ከብብቷ።
ስንዝር ትለካለች፣ ትወጋለች አፈር፣
አንጓውን ትቀብርና ጫፉን ትተዋለች፣ አየር ላይ እንዲያድር፤
በቡጢ መታ መታ። ደግሞ ሌላ ስንዝር።
«ቁልቁል ያሰመርኸው ለጎርፍ መንገድ ነው፤
አግድም ነው እንጂ፣ እንደ ሹሩባ ነው።»
መዳፌን መጫኛው እየላጠ ሲያቃጥለኝ
ልስቅ አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ያዘኝ፤
እኔ የረገምሁትን፣ ቆንጥራ፣ ቀስ በቀስ፣
እንደ ታመመ ልጅ ዳገቱን ስታጎርስ።

ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ ቅዳሜ ገበያ።
«ጅብ ቀጠረች አሉ፣ አህያ እንዲጠብቅ» ያለም ሰው አለ፤
«እንየው አርጅቷል፣ ከሰርዶ ታረቀ» እየተባባለ፣
ሽታሁን ጠላ ቤት ስሜ ሲሣቅበት ዋለ።
እጄን ከጋቢዬ ሥር ሸሽጌ ዝም አልሁ፤
የተላጠውን እንዳያዩት ፈራሁ።

ሐምሌ መጣ። ዘነበ፣ ዘነበ፣ ዘነበ፤
ከተከለችውም እኩሌታው ታጠበ።
ጠዋት ደጄ ቆማ ስልቻዋን ዘረጋች፣
ቃል አልተነፈሰች። ሞላሁላት፤ ሄደች።
ሦስቴ እንዲህ ሆነ።

ለጳጉሜን ዋዜማ፣ ከጮቄ ላይ ጭጋግ ሲከፈት
ከጓሮዋ ብቅ ብል፣ አላየሁም መሬት።
አንጓ ላንጓ ታስሮ፣ ሥር ከሥር ተያይዞ፣
ዳገቱ ቆሟል፣ አፈሩን በጥርሱ ይዞ።
ጥጃዋ ከላዩ በጉልበቷ ስትግጥ
አንድ ጠጠር አልነበረም ወደ ወንዙ ሲሮጥ።

አሁንስ? አሁንማ ወሰኔን ጀምሯል፤
እየተንፏቀቀ፣ ባጥር ሥር ሾልኮ፣ ወደ ጤፌ መጥቷል።
ዶማዬን ይዤ በየማለዳው እጠብቀዋለሁ፤
የኛ ደም አልደረቀም፤ እነቅለዋለሁ።
ግን ክብሪት አልጭርም።
እጥፍጥፍ አድርጌ፣ ባጥሩ በላይ
እወረውረዋለሁ ከይጋርዱ ገደል ላይ፤
ሲወድቅ አያለሁ፣ በጀርባው ተኝቶ፣
ምንም እንዳልሆነ ሰው እዚያው ያድራል፣
ሳምንት ሥር አውጥቶ።